ዊሊያም ሄርሼል፡- በጓሮው ሆኖ አዲስ ፕላኔት ያገኘው ሙዚቀኛ

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ያለ መሣሪያ በዓይኑ እያየ የሚያውቃቸው ፕላኔቶች ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ማርስ፣ ጁፒተርና ሳተርን ነበሩ። ለሺህ ዓመታት ሳይለወጥ የኖረው ይህ ቁጥር የጨመረው በነገሥታት ወጪ በተቋቋመ የምርምር ጣቢያ ሳይሆን በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በሚገኝ አንድ መኖሪያ ቤት ጓሮ ውስጥ ነው። ግኝቱን ያስመዘገበውም በሙያው የጸሎት ቤት ኦርጋን ተጫዋችና የሙዚቃ አስተማሪ የነበረው ዊሊያም ሄርሼል ነው።

ባዝ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ከተማ አይደለችም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን በስደት የቆዩት በዚህችው ከተማ፣ ፌርፊልድ ሀውስ በተባለው ቤት ነበር። ሄርሼል በከተማዋ የኖረው ግን ከዚያ ከ150 ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዊሊያም ሄርሼል ኖቬምበር 15 ቀን 1738 በጀርመን ሃኖቨር ከተማ ተወለደ። አባቱ በሃኖቨር ዘብ ጦር የሙዚቃ ባንድ ውስጥ ኦቦ የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያ የሚጫወት ወታደር ነበር። ቤተሰቡ ሀብት ያልነበረው ቢሆንም አባትየው ልጆቹን ሙዚቃ ከማስተማር አልፎ በጠራ ሌሊት ደጅ እያወጣ ከዋክብትን ያሳያቸው እንደነበር የቤተሰቡ ታሪክ ያስረዳል። ዊሊያምም በ14 ዓመቱ የአባቱን ሙያ ተከትሎ በባንዱ ውስጥ ተቀጠረ።

በ1757 የፈረንሳይ ጦር በሃስተንቤክ ጦርነት የሃኖቨርን ሠራዊት ድል ካደረገ በኋላ ወጣቱ ሙዚቀኛ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። በወቅቱ ሁለቱ አገሮች በአንድ ንጉሥ ሥር ይተዳደሩ ስለነበር ጉዞው ለብዙ ሃኖቨራውያን የተለመደ መንገድ ነበር። ሄርሼል በለንደን የሙዚቃ ጽሑፎችን በእጁ እየገለበጠ ኑሮውን ጀመረ፤ ከዚያም በሰሜን እንግሊዝ ከተሞች እየተዘዋወረ በማስተማር፣ በመጫወትና የራሱን ድርሰቶች በማቅረብ ዓመታት አሳለፈ። በሕይወት ዘመኑ 24 ሲምፎኒዎችን ደርሷል።

በ1766 በባዝ ኦክታጎን በተባለው ጸሎት ቤት በኦርጋን ተጫዋችነት ተመደበ። ባዝ በዘመኑ የእንግሊዝ መኳንንት ለፍል ውኃና ለመዝናኛ የሚሰበሰቡባት ከተማ በመሆኗ ሥራ አልጠፋም። ሄርሼል ቀኑን ሙሉ ከቤት ቤት እየዞረ ተማሪዎችን ያስተምራል፤ ምሽት ደግሞ የሙዚቃ ዝግጅት ይመራል። በ1772 ታናሽ እህቱን ካሮላይንን ከሃኖቨር አምጥቶ ከእርሱ ጋር አኖራት። ካሮላይን በልጅነቷ በያዛት ተስቦ ምክንያት ቁመቷ ከ1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ በቤተሰቡም ለቤት ውስጥ ሥራ ብቻ የታሰበች ነበረች። በወንድሟ እገዛ መዝሙር ተምራ በባዝ መድረኮች ላይ በድምፃዊነት ለመታወቅ በቅታለች።

ሄርሼልን ከሙዚቃ ወደ ሰማይ የወሰደው መንገድ መጻሕፍት ነበሩ። ስለ ድምፅ ስምምነት የሚያትት አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ሲያጠና የዚያኑ ደራሲ የብርሃን ሳይንስ መጽሐፍ ማንበብ ጀመረ፤ በ1773 ደግሞ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ገዝቶ ማታ ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ሳይቀር ያነብ ነበር። ያነበበውን በዓይኑ ለማረጋገጥ በመሻቱ በመጀመሪያ ባለ ሌንስ ቴሌስኮፖችን ገጣጠመ። ይሁን እንጂ እነዚህ መሣሪያዎች አጉልተው ለማሳየት እጅግ ረጅም ቱቦ የሚጠይቁ በመሆናቸው ለአያያዝ አዳጋች ሆኑበት።

አማራጩ ብርሃንን በሌንስ ሳይሆን በጎድጓዳ መስተዋት የሚሰበስበው ቴሌስኮፕ ነበር። የዘመኑ የቴሌስኮፕ መስተዋት ከብርጭቆ የሚሠራ አልነበረም፤ መዳብና ቆርቆሮ በአንድነት ቀልጠው ከተጣሉ በኋላ ቅይጡ እየተሞረደና እየተወለወለ የሚዘጋጅ ነበር። ሄርሼል የሚፈልገውን ያህል ትልቅ መስተዋት ዋጋ ሲጠይቅ ከአቅሙ በላይ ሆኖ አገኘው። በመሆኑም በከተማው በትርፍ ጊዜው መስተዋት ይወለውል ከነበረ ሰው ያገለገሉ መሣሪያዎችን ገዝቶ ሥራውን በራሱ እጅ ጀመረ።

ሥራው ትዕግሥትን እጅግ የሚፈትን ነው። የመስተዋቱ ጉድጓድነት ከትክክለኛው ቅርጽ በጣም ጥቂት እንኳን ከተዛነፈ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ የተበተነ ብርሃን ሆኖ ይታያል። በማለስለሻው መጨረሻ ላይ እጅን ከመስተዋቱ ማንሳት ቅርጹን ስለሚያበላሸው ሄርሼል በአንድ ወቅት ለ16 ሰዓታት ያህል ያለማቋረጥ መወልወሉ ተመዝግቧል። በዚህ ጊዜ ካሮላይን ምግቡን በትንሽ በትንሹ እያጎረሰች፣ ድካሙንም እንዲረሳ ልብ ወለድ እያነበበችለት አብራው ትቆይ ነበር። የመኖሪያ ቤቱ ክፍሎች ወደ አናጢና ብረት ሠሪ አውደ ጥናትነት ተለወጡ፤ በእጅ ሥራ የተካነው ወንድሙ አሌክሳንደርም በመቁረጥና በማስተካከል ሥራ አገዘው።

ማርች 1 ቀን 1774 ሄርሼል የምልከታ መዝገቡን ከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ምዝገባዎች ስለ ሳተርን ቀለበትና ኦሪዮን በተባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ስለሚገኘው ደመና መሰል አካል የሚገልጹ ነበሩ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ያየውን ነገር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመሣሪያውን ዓይነትና የማጉላት አቅሙን ጭምር ሳይመዘግብ ያለፈበት ጊዜ እምብዛም ነው። ይህ ልማድ ከመሣሪያዎቹ ባልተናነሰ ለስኬቱ ምክንያት እንደሆነ የሥራ መዝገቦቹ ያሳያሉ።

በ1779 መጨረሻ ጓሮ በሌለው ቤት ይኖር በነበረበት ወቅት ቴሌስኮፑን መንገድ ላይ አቁሞ ጨረቃን ሲመለከት ዶክተር ዊሊያም ዋትሰን የተባለ የሳይንስ ሰው በአጠገቡ ያልፋል። እርሱም እንዲያይ ፈቃድ ጠይቆ ባየው ነገር በመደነቁ በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ዋትሰን ሙዚቀኛውን ከከተማው የምሁራን ማኅበር ጋር አስተዋወቀው፤ ጽሑፎቹም በለንደን ወደሚገኘው ሮያል ሶሳይቲ እንዲደርሱ አደረገ። ከዩኒቨርሲቲ በር ላልደረሰው ሄርሼል ይህ ትውውቅ ትልቅ መሸጋገሪያ ነበር።

ማርች 13 ቀን 1781 ምሽት ሄርሼል በኒው ኪንግ ጎዳና ቁጥር 19 በሚገኘው ቤቱ ጓሮ ውስጥ እንደወትሮው ሥራ ላይ ነበር። መሣሪያው ርዝመቱ 7 ጫማ ወይም 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የመስተዋቱም ስፋት 16 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ቴሌስኮፕ ነው። በዚያን ወቅት የያዘው ዕቅድ ከተወሰነ የብርሃን መጠን በላይ ያላቸውን ከዋክብት አንድ በአንድ ፈትሾ ጥንድ ከዋክብትን መለየት ነበር። ከምሽቱ አራት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በሠውርና በገውዝ የከዋክብት ስብስቦች አዋሳኝ ላይ ከጎረቤቶቹ ሰፋ ብሎ የሚታይ አንድ አካል አየ።

እውነተኛ ኮከብ ከርቀቱ የተነሳ ምንም ያህል ቢጎላ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ሄርሼል ማጉያውን ከ227 ወደ 460፣ ከዚያም ወደ 932 ጊዜ ሲያሳድግ ግን አካሉ በዚያው መጠን እየሰፋ መጣ። ከአራት ሌሊት በኋላ ተመልሶ ሲያየው ቦታውን ለውጦ አገኘው። ሄርሼል ጅራታም ኮከብ ነው ብሎ በመገመት ሪፖርቱን ለሮያል ሶሳይቲ ላከ። የአውሮፓ ጠበብት ምልከታውን ተቀብለው ሲያሰሉ ግን፣ በተለይም በሴንት ፒተርስበርግ የነበረው አንደርስ ሌክሰል እንዳረጋገጠው፣ አካሉ በፀሐይ ዙሪያ ክብ በሚመስል ምሕዋር የሚጓዝና ከሳተርን በእጥፍ ያህል የሚርቅ ፕላኔት ነበር። በዚህም በዘመኑ የሚታወቀው የፀሐይ ሥርዓት ስፋት በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነ።

ፕላኔቱን ከሄርሼል በፊት ያዩ ሰዎች ነበሩ። የእንግሊዝ የመጀመሪያው ንጉሣዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆን ፍላምስቲድ በ1690 እንደ አንድ ኮከብ ቆጥሮ ቁጥር ሰጥቶታል፤ ፈረንሳዊው ፒየር ሌሞኒየም በ1750ዎቹና በ1760ዎቹ በተደጋጋሚ መዝግቦታል። ሁለቱም የተሟላ ሥልጠናና የመንግሥት ድጋፍ የነበራቸው ባለሙያዎች ሲሆኑ ያዩት ነገር ግን ፕላኔት መሆኑን አላስተዋሉም። ሄርሼልም ግኝቱ በአጋጣሚ የመጣ ነው የሚለውን አስተያየት አልተቀበለም፤ ሰማዩን በተራ በተራ ሲፈትሽ የዚያ አካል ተራ የደረሰው በዚያች ምሽት መሆኑን ያስረዳ ነበር። የቀደሙት ሰዎች መዛግብትም ከንቱ አልቀሩም። የፕላኔቱን ምሕዋር ለማስላት በማገልገላቸው፣ በስሌቱ ላይ የታየው መዛነፍ በ1846 ኔፕቱን እንዲገኝ በር ከፍቷል።

ሄርሼል በዚያው ዓመት የሮያል ሶሳይቲን የኮፕሊ ሜዳልያ ተሸለመ፤ የማኅበሩም አባል ሆነ። ፕላኔቱን በንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ስም ቢሰይመውም ከእንግሊዝ ውጭ ተቀባይነት አላገኘም፤ ጀርመናዊው ዮሃን ቦደ ያቀረበው ኡራኑስ የሚለው ስም በኋላ ጸናለት። በ1782 መሣሪያው ወደ ግሪኒች ተወስዶ ከንጉሣዊው የምርምር ጣቢያ ቴሌስኮፖች ጋር ሲወዳደር በልጦ መገኘቱ በኦርጋን ተጫዋቹ ላይ የነበረውን ጥርጣሬ አስወገደው።

ንጉሡም በዚያው ዓመት 200 ፓውንድ ዓመታዊ ደመወዝ ወሰኑለት። ገንዘቡ ከሙዚቃ ሥራው ያገኝ ከነበረው ያነሰ ቢሆንም ሄርሼል ያለማመንታት ተቀበለ። ግዴታው በዊንዘር ቤተ መንግሥት አቅራቢያ መኖርና ሲጠራ ለንጉሣውያን ቤተሰቦች ሰማይን ማሳየት ብቻ ነበር። የደመወዙን ጉድለት ለማሟላት ቴሌስኮፖችን እየሠራ ይሸጥ ጀመር፤ ለስፔን የሠራው ባለ 25 ጫማ መሣሪያ ከእነዚህ አንዱ ነው። በሕይወት ዘመኑ በእጁ ያዘጋጃቸው መስተዋቶች ቁጥር ከ400 በላይ እንደሚሆን ይገመታል።

ከሁሉም በላይ ውጤት ያስገኘው መሣሪያ በ1783 የተሠራው ባለ 20 ጫማ ወይም 6 ሜትር ቴሌስኮፕ ነው። ሄርሼል ከፍ ባለ መድረክ ላይ ቆሞ ሰማዩን በቀበቶ በቀበቶ ከፍሎ ይቃኛል፤ ያየውንም ጮክ ብሎ ይናገራል። ካሮላይን ከሰዓትና ከከዋክብት መዝገብ ጋር ጠረጴዛ ዘርግታ ትጽፋለች፤ የጻፈችውንም መልሳ እያነበበች ታረጋግጣለች። በማግስቱ ስሌቱን ሠርታ በንጹሕ ትገለብጣለች። በቅዝቃዜ ቀለም የሚረጋባቸው ሌሊቶች ነበሩ። በ1783 የመጨረሻ ዕለት ምሽት ካሮላይን በበረዶ በተሸፈነ መሬት ላይ ስትሮጥ ወድቃ እግሯ በብረት ሜንጦ ተወግቶ ከባድ ጉዳት ደርሶባታል።

በዚህ መልኩ ለ20 ዓመታት ያህል በተካሄደው ቅኝት ወንድምና እህት 2 ሺህ 500 ገደማ ደመና መሰል አካላትንና የከዋክብት ክምችቶችን መዝግበዋል። ከእነርሱ በፊት በፈረንሳዊው ቻርልስ ሜሲየር ዝርዝር ውስጥ የነበሩት 100 ያህል ብቻ ነበሩ። በ1787 ከኡራኑስ ጨረቃዎች ሁለቱን፣ ታይታኒያንና ኦቤሮንን ያገኘውም በዚሁ መሣሪያ ነው።

ካሮላይን በበኩሏ ወንድሟ በሰጣት አነስተኛ ቴሌስኮፕ ከ1786 እስከ 1797 ድረስ ስምንት ጅራታም ከዋክብትን አይታለች። በ1787 ንጉሡ በረዳትነቷ 50 ፓውንድ ዓመታዊ ደመወዝ ወሰኑላት። በእንግሊዝ አገር በሳይንስ ሥራ ደመወዝ የተከፈላት የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ እንደሆነች ታሪክ ይመሰክራል። ለራሷ ብላ የተቀበለችው የመጀመሪያ ገንዘብ በመሆኑ ለካሮላይን የነበረው ትርጉም ከመጠኑ በላይ ነበር።

ሄርሼል ከዚያም የበለጠ ግዙፍ መሣሪያ ለመሥራት ለንጉሡ ጥያቄ አቀረበ። በመጀመሪያ 2 ሺህ ፓውንድ ተፈቀደ፤ ወጪው ከተገመተው በላይ በመሆኑ ሌላ 2 ሺህ ፓውንድ ተጨመረ። በስላው መንደር በሚገኘው ቤቱ ግቢ የተተከለው ይህ ቴሌስኮፕ 40 ጫማ ወይም 12 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት ነበረው። በ1789 ሲጠናቀቅ ሚማስና ኤንሴላደስ የተባሉትን የሳተርን ጨረቃዎች ለመመዝገብ ያገለገለ ሲሆን፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመትም በግዙፍነቱ አቻ አልተገኘለትም።

ይሁን እንጂ መሣሪያው የታሰበውን ያህል አላገለገለም። አንድ ቶን የሚመዝነው መስተዋት ቶሎ ቶሎ እየደበዘዘ ዳግም መወልወል ይጠይቅ ነበር፤ የሌሊቱን የሙቀት ለውጥም በፍጥነት አይላመድም። ለማንቀሳቀስ ብዙ ሠራተኛና ረጅም የዝግጅት ጊዜ ስለሚፈልግ በእንግሊዝ ደመናማ ሰማይ ሥር የምትገኘው አጭር የጠራ ሰዓት በዝግጅት ታልቃለች። በዚህ ምክንያት ሄርሼል ለዕለት ሥራው ወደ ባለ 20 ጫማው ይመለስ ነበር። ጎብኚዎችን ያስደነቀው ታላቁ መሣሪያ ሲሆን መዝገቡን የሞላው ግን አነስተኛው ነው።

በ1800 ሄርሼል የፀሐይ ብርሃንን በፕሪዝም በትኖ የየቀለሙን ሙቀት በቴርሞ ሜትር ሲለካ፣ ከቀዩ ቀለም ውጭ ምንም ብርሃን በማይታይበት ቦታ ሙቀቱ ጨምሮ አገኘው። ዛሬ ኢንፍራሬድ እየተባለ የሚጠራው የማይታይ ጨረር የታወቀው በዚህ ሙከራ ነው። ከጥንድ ከዋክብት አንዳንዶቹ እርስ በርስ እንደሚዞሩም በ1803 አስታውቋል። የተሳሳተባቸው ጉዳዮችም አሉ። ፀሐይ በውስጧ ነዋሪዎች ሊኖሯት እንደሚችሉ ያምን ነበር፤ በ1785 ባወጣው የፍኖተ ሐሊብ ካርታም ፀሐይን ከመሐል አካባቢ አስቀምጧታል። ሁለቱንም ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች አርመዋቸዋል።

ሄርሼል በ1788 ሜሪ ፒት የተባለችውን ባልቴት አግብቶ በ1792 ጆን የተባለ ልጅ ወለደ። በ1816 የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው፤ አዲስ ለተቋቋመው የለንደን የሥነ ፈለክ ማኅበርም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኖ ተሰየመ። ኦገስት 25 ቀን 1822 በ83 ዓመቱ በስላው አረፈ። ያገኘው ፕላኔት ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር የሚወስድበት ጊዜ 84 ዓመት መሆኑ የሕይወት ዘመኑን ከአንድ የኡራኑስ ዓመት ጋር የሚቀራረብ አድርጎታል።

ካሮላይን ወደ ሃኖቨር ተመልሳ በወንድሟ ሥራ የተመዘገቡትን አካላት እንደ ሰማይ አቀማመጣቸው እንደገና አደራጀች። ለዚህ ሥራዋ በ1828 የሥነ ፈለክ ማኅበሩን የወርቅ ሜዳልያ ተሸልማ በ1848 በ97 ዓመቷ አረፈች። ጆን ሄርሼል ደግሞ የእህትና ወንድሙን ቅኝት ለማሟላት ባለ 20 ጫማ ቴሌስኮፕ ይዞ ወደ አፍሪካ ተጓዘ፤ ከ1834 እስከ 1838 ድረስ በኬፕታውን አቅራቢያ ሆኖ ከአውሮፓ የማይታየውን የደቡብ ሰማይ መዝግቧል።

የኒው ኪንግ ጎዳናው ቤት ግኝቱ 200ኛ ዓመት በሞላበት በ1981 ሙዚየም ሆኖ ለሕዝብ ተከፍቷል። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት በ2009 ያመጠቀውና እስከ 2013 ድረስ ያገለገለው የኢንፍራሬድ ቴሌስኮፕም በሄርሼል ስም ተሰይሟል። በዓለም ዙሪያ ሰማይን በትርፍ ጊዜያቸው የሚመለከቱ ሰዎች ዛሬ በጓሯቸው የሚያቆሟቸው መስተዋቶች ብዙዎቹ ሄርሼል በማርች 1781 ምሽት ከተጠቀመበት የሚበልጡ ናቸው።

የሄርሼል የሕይወት ታሪክ ሥራን ለሚመራና በጀት ለሚመድብ ሁሉ የሚያስገነዝበው ቁም ነገር አለ። የመንግሥት ድጋፍ የመጣው ሥራው በተግባር ከተፈተነና ብልጫው ከታየ በኋላ ነው፤ 200 ፓውንድ ለተመራማሪው፣ 50 ፓውንድ ለረዳቱ መመደቡም የ20 ዓመታት ቅኝት አስገኝቷል። ከእነዚህ ደመወዞች እጅግ የላቀው የ4 ሺህ ፓውንድ ወጪ ግን ከዝናው ጋር የሚመጣጠን ውጤት አላመጣም። ለሄርሼል ስም መነሻ የሆነው ከዚህ ሁሉ ወጪ በፊት በገዛ እጁ በሠራው ባለ 7 ጫማ መሣሪያ፣ ሰማዩን በተራ በመፈተሽና ያየውን ሳያጓድል በመመዝገብ የሠራው ሥራ ነበር።